የታኅሣሥ ዓረፍተ ነገር

ኒኛ ኤርሚንዳ፣ እትዬ ኤርሚንዳ እንደ ማለት ነው፣ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ እንግሊዝኛ ልትማር ስትመዘገብ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀባት። ይሳቁ። ልጇ ሮሲቤል ከኤል ሳልቫዶር ወጥታ ወደ ሰሜን፣ ወደ አሜሪካ፣ ከተሻገረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እዚያ የወለደቻት ኬይሊ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷት ሳለ በአያቷ ቋንቋ የምታውቀው «ሰላም አያቴ» የምትለዋን ብቻ ነው። እሑድ እሑድ አያትና የልጅ ልጅ በስልክ ሲገናኙ፣ ሮሲቤል ካላስተረጎመችላቸው በቀር፣ እየተያዩ ፈገግ ከማለት ሌላ ወግ የላቸውም። የገዛ ደሟን በአስተርጓሚ ማነጋገር አንገፈገፋትና ደብተር ገዛች።

ትምህርቱ ቅዳሜ ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነው። አስተማሪው ኦቪዲዮ በሕፃንነቱ ወደ ሰሜን ተወስዶ እዚያው ያደገ፣ በሠላሳ ዓመቱ ተገዶ የተመለሰ ልጅ ነው። እንግሊዝኛው እንደ ውሃ ይፈሳል፤ ትዕግሥቱ ግን እንጥፍጣፊ ነው።

የዚያን ቅዳሜ ሰሌዳውን መሐል ለመሐል አስምሮ በአንዱ ወገን «ሐቅ»፣ በሌላው ወገን «አስተያየት» ብሎ ጻፈ።

«ሐቅ ሄደን ልናጣራው የምንችለው ነገር ነው። አስተያየት ግን የተናጋሪው ስሜት ነው። እስቲ፣ ቂጣችን ፑፑሳ ከምግብ ሁሉ ይበልጣል?»

«ሐቅ!» አለ ክፍሉ ባንድ አፍ።

«አስተያየት ነው።»

«ቲቸር፣ እዚያ ያሳደጉህ ሰዎች ምን ሲያበሉህ ኖረው ነው?» አሉ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር ዶን ሌአንድሮ። «በል ሂድና አጣራ፤ መታጠፊያው ላይ ትኩስ ትኩሱ እየተጋገረ ነው።»

ኤርሚንዳ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ወዲያው ተራዋ ደረሰ። ሌሊቱን ሁሉ ስታጠናው ያደረችውን ዓረፍተ ነገር «ሐቅ» ከሚለው ሥር በጠመኔ ጻፈች፦ ልጄ በታኅሣሥ ትመጣለች።

«ይኼ እኮ ገና አልሆነም፣ ኒኛ ኤርሚንዳ» አለ ኦቪዲዮ።

«እሷው ራሷ ብላኛለች።»

«ማለቷ ሐቅ ነው። መምጣቷ ግን…»

«እግዚአብሔር ካለ ብላለች!»

«እንዲያማ ከሆነ አለቀ» ብለው ፈረዱ ዶን ሌአንድሮ። «እግዚአብሔር የገባበትን ነገር አስተያየት ልትለው ነው እንዴ?»

ክፍሉ ከሳቸው ጋር ወገነ። እዚያ አገር ስለ ነገ የሚያወራ ሰው «እግዚአብሔር ካለ» ሳይል አያበቃም፤ ካለ በኋላ ደግሞ ነገሩ እንደ ተፈጸመ ይቆጠራል፣ ማንም መልሶ አይጠይቅም። ኦቪዲዮ ዓረፍተ ነገሩን ለማጥፋት ዳስተሩን አነሳና መልሶ አስቀመጠው።

«እዚያ የቀረችው እናቴም ልጠይቅህ እመጣለሁ፣ እግዚአብሔር ካለ ትለኛለች» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የቤት ሥራችሁ ይኼው ነው። ከአንድ ሰው ጋር ሐቅ ወይስ አስተያየት እየተባባላችሁ ተጫወቱ።»

ኤርሚንዳ ተናዳ ወደ ቤቷ ገባች። ምኑ ነው የሚጣራው? ለሮሲቤልና ለልጅቷ የተገዛው ፍራሽ ፕላስቲኩ እንኳ ሳይገፈፍ አልጋው ላይ ተዘርግቷል። ዶሮዎቹ ጓሮ እየተቀለቡ ነው። እርግጥ ነው፣ ዶሮ በየዓመቱ ትቀልባለች፤ በየገናውም ጎረቤት ነው የሚበላው። «የሮሲቤል ዶሮ ዘንድሮም ለኛው ናት» እያሉ ያሾፉባታል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ማታ ግን የዚያን ፍራሽ ፕላስቲክ ከአቧራ ትወለውላለች።

እሑድ ስልኩን ያነሳችው ኬይሊ ናት። ኤርሚንዳ ከደብተሯ ላይ በእንግሊዝኛ ቃል በቃል አነበበች።

«ሐቅ ወይስ አስተያየት? ውሻዬ ሰነፍ ነው።»

«አያቴ! ይኼን እኛም ክፍል ውስጥ ተምረናል!» ብላ ጮኸች ልጅቷ። «አስተያየት!»

«ውሻዬ ሦስት እግር አለው።»

«ውሸት! አሳዪኝ!»

ኤርሚንዳ ስልኩን ይዛ ውሻውን ጓሮ ለጓሮ ስታሳድድ፣ ኬይሊ ከማዶ እግሩን ቆጥራ «ሐቅ! ሦስት ነው!» እያለች በሳቅ ፈረሰች። አያትና የልጅ ልጅ ያለ አስተርጓሚ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር። ኤርሚንዳ ደስታው አሰከራትና ደብተሯን ዘጋች።

«በታኅሣሥ ትመጣላችሁ» አለች።

ኬይሊ ወደ ኋላዋ ገልመጥ አለች።

«አስተያየት» አለች በሹክሹክታ። «እናቴ ሁልጊዜ ትላለች። ግን ከዚህ ከወጣች መመለስ አትችልም። የመኖሪያ ወረቀት የላትም። እኔ ደግሞ እዚህ ነኝ።»

ኤርሚንዳን አንድም ቃል አላመለጣትም። እንግሊዝኛ የተማረችው ለካ ይኼን ለመስማት ኖሯል! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለሷ ግን በሕፃን አፍ፣ በሰው ቋንቋ ነው የነጋላት። ሳታውቀው ቀርታም አይደለም። ጠይቃ አታውቅም እንጂ።

«ልክ ነሽ፣ የኔ ጎበዝ» አለቻት። «በይ እናትሽን ስጪኝ።»

ሮሲቤል እርጥብ እጇን እየጠረገች መጣች።

«እማዬ፣ ምን ብላ አደረቀችሽ? ስሚኝማ፣ ዘንድሮ እንኳ አይቀርም፣ እግዚአብሔር ካ…»

«እግዜርን ተይው ልጄ። እሱን ምስክር እየጠራን አሥር ገና አሳለፍን። አትመጪም አይደል?»

ሮሲቤል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አልመጣም» አለች። «መጀመሪያውኑም አውቀው ነበር። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

«ከፍቶኛል።»

«ተቀየምሽኝ?»

«አዎ፣ ተቀይሜሻለሁ። ደግሞ ናፍቀሽኛል። ፊትሽን በእጄ ሳልዳብስ እንዳልሞት እፈራለሁ።»

«እኔም እማዬ። እኔም እሱኑ ነው የምፈራው።»

ተላቀሱ። እስከዚያች ቀን ሁለቱም የሚያለቅሱት ስልኩ ከተዘጋ በኋላ፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ነበር።

«ልዝጋው?» አለች ሮሲቤል በመጨረሻ።

«አትዝጊው። ሥራሽን ሥሪ።»

ሮሲቤል ስልኩን ከቧንቧው አጠገብ አስደግፋ ሳህኖቿን ማጠብ ቀጠለች። ኤርሚንዳም ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠችና፣ ልጇ የመጨረሻውን ሳህን አጥባ እስክትደፋ ድረስ ስታያት ቆየች።