የቢዮ አዋሌ ፓምፕ

ዱኒያ ድሬ ውስጥ ከፊራ ገበያ አጠገብ የውኃ ፓምፕና የቧንቧ ዕቃ ትሸጣለች። በግንቦት ወር ከተማው ለገጠሯ መንደር ለቢዮ አዋሌ ጉድጓድ ፓምፕ ለመግዛት ያወጣውን ጨረታ አሸነፈች። ውሉ እስኪፈረም አልጠበቀችም፤ ዕቃውን በጅቡቲ በኩል አስመጥታ መጋዘኗ ውስጥ አስቀመጠችው። ፊርማው ግን ቆየ። ከፌዴራል የሚመጣው ድጎማ ስንት እንደሚሆን አዲስ አበባ ላይ ክርክሩ ስላላለቀ፣ የድሬ በጀትም አልጸደቀም ነበር።

በዚህ መሀል አንድ ሰኞ ጠዋት የዶላር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ከሰዓት በኋላ የከፊራ ነጋዴ ግማሹ ዋጋ መናገር ትቶ በሩን ገርበብ አድርጎ ተቀመጠ። ማምሻውን መልካ ጀብዱ ላይ እርሻ ያለው ዘካሪያ መጥቶ ያንን ፓምፕ በጨረታው ዋጋ እጥፍ እንደሚወስደው ነገራት።

ባሏ ዮኒስ ሽጪው አላት። ስግብግብ ሰው ሆኖ አይደለም። በድሮው ዋጋ ካስረከበች ሱቁን የምትሞላበት እንደማይኖራት ስለገባው ነው፤ ደግሞም የፈረመችው ነገር የለም። ዱኒያም ይህን ታውቃለች። ነገር ግን ጉድጓዱን ልታይ በሄደች ጊዜ የቢዮ አዋሌ የውኃ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ አክስት ለማለት ሁሉም ኤዶ የሚሏት ኢዲል፣ እጇን ይዛ ሴቶቹ ውኃ ፍለጋ የሚወርዱበትን ገደል አሳይታት ነበር። ዱኒያም ፓምፑ ይመጣል ብላ ቃል ሰጥታታለች።

በማግስቱ የከተማውን በጀት ወደሚያዘጋጀው ወደ ዓለምሰገድ ሄደች። እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነበር ያለው።

«ብትተይው አልፈርድብሽም» አላት። «ድጎማው ያው ነው፣ ዕቃው ሁሉ ግን ጨመረ። የትኛውን ይዤ የትኛውን እንደምጥል ጠፍቶኛል።»

«ቢዮ አዋሌስ?»

«ለከርሞ ይተላለፋል።»

ዱኒያ ዘካሪያ ያላትን አልደበቀችውም። ከዚያም «እጥፍ ስጠኝ አልልህም፤ ከጭማሪው ግማሹን እናንተ ቻሉ፣ ግማሹን እኔ እችላለሁ» አለችው።

ዓለምሰገድ መስኮቱን እያየ አሰበ። ለራሱ ክፍል የተያዘ የመኪና መግዣ ነበር። ሠራተኞቹ ለዓመታት ሲጠይቁት የኖሩት ነው፤ በጀቱን ለሚያጸድቀው የከተማው ምክር ቤት ያን ይሰረዝ ብሎ ለማቅረብ ቃል ገባላት፤ ይሳካል ግን አላላትም።

የምክር ቤቱ ክርክር ተራዘመ። አንዱ ለመንገድ፣ አንዱ ለጤና ጣቢያ ይሟገታል፤ ዶላሩም በየዕለቱ ይጨምራል። ዘካሪያ በየማለዳው ይደውላል። አንድ ቀን ዱኒያ የዘካሪያን ቁጥር አውጥታ እሺ ልትለው ቃጥቷት ነበር። ስልኩን አስቀምጣ ለቀትሩ የዙሁር ሰላት ተነሳች እንጂ ለምን እንዳልደወለች በኋላም ማስረዳት አልቻለችም።

በመጨረሻ በጀቱ ጸደቀ። መኪናው ተሰርዞ ገንዘቡ ለፓምፑ ተዛወረ። የዓለምሰገድ የሥራ ባልደረቦች ለሳምንታት ኮረፉት። ዱኒያ ፓምፑን አስረከበች፤ ምትኩን ግን ማስመጣት አቃታት። የሱቁን ግማሽ ለስልክ ነጋዴ አከራየች፣ በቀረው ቧንቧና መገጣጠሚያ ብቻ መሸጥ ጀመረች። ዮኒስም ትቶት ወደነበረው የጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ሹፌርነት ተመለሰ። ሲሄድ ግን «አቦ፣ አንቺ ቃልሽን አትበይም» ብሎ ሳቅ አለ። ከዚያ ሰኞ ወዲህ ሲስቅ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር።

ፓምፑ ሥራ የጀመረ ቀን ዱኒያ ቢዮ አዋሌ አልነበረችም። ለቧንቧ የሚሆን የውጭ ምንዛሪ ልትጠይቅ ባንክ ተሰልፋለች። ስልኳ ጠራ፣ ኤዶ ኢዲል ናት።

«ልጄ፣ ስሚ» አለቻት፤ ስልኩንም ወደ ቧንቧው አዞረችው። ዱኒያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ጫን አደረገችው። ጀሪካን ውስጥ የሚወርድ ውኃ፣ ከኋላው የሚንጫጩ ሴቶች ይሰማሉ። ከኋላዋ የቆመው ሰው ሰልፉ ተንቀሳቅሷል ብሎ ነካ አደረጋት። በእጇ ምልክት እለፍ አለችውና ማዳመጧን ቀጠለች።