ፍሬሙ የሸፈነው ሮዝ

ፍሬም ሠሪው ለሰው ሲሆን ምክር አያልቅበትም። ሥዕል ይዞ የመጣ ደንበኛ ሁሉ «ፀሐይ አታስመታው፣ ቀለሙ ይሄዳል» ሳይባል ከሱቁ አይወጣም። በገዛ አባቱ ሥዕል ላይ ግን ይህ ምክር አንድም ቀን ትዝ ብሎት አያውቅም።

አባቱ ኢምፕሬሽኒስት ከሚባሉት፣ ብርሃን ሲያሳድዱ ከሚውሉት ሠዓሊዎች ወገን ነበሩ። ለዛፍም ለድልድይም ጥርት ያለ መስመር አያሰምሩም፤ ትንንሽ የቀለም ጠብታ ጎን ለጎን ያሳርፋሉ፣ ራቅ ብሎ ላየው ሥዕሉ ላይ ያለው ወንዝ ይነጋል። ይህን የንጋት ወንዝ ሲሥሉ ቀለም ታቀብላቸው የነበረችው ታላቅ እህቱ ናት። እሱ ያኔ ገና አልተወለደም።

ሥዕሉ በአባታቸው ቤት ስልሳ ዓመት ከመስኮት ፊት ለፊት ተሰቅሎ ኖረ። እህቱ ባሏ ሞቶባት ከሩቅ አገር ወደ ልጅነት ቤቷ ስትመለስ፣ ገና ከመግባቷ «ውሃው ሮዝ ነበር፣ ይሄ የአባባ አይደለም፣ ሰው ቀይሮታል» አለች። በዚህ ነገር ጎረቤት አልቀረም፣ ሁሉንም ጠረጠረች። ወንድሟ ግራጫውን ውሃ በጣቱ እያሳየ አንድ ዓመት ሙሉ ተከራከራት። ሲሰለቸው ጭንቅላቷ ነው አለና የአረጋውያን መጦሪያ አስገባት። ሲሻልሽ ቤትሽ እመልስሻለሁ ብሏት ነበር፤ ቤቱን ግን ሳይነግራት ሸጠው። መቼስ አይሻላትም ብሎ ነው።

ሥዕሉን ክፍሏ ሊሰቅልላት አስቦ፣ ዛሬ ጠዋት የላላውን ፍሬም ለማጥበቅ ሱቁ ውስጥ ሚስማሮቹን ነቀለ። ፍሬሙ ሲነሳ በታችኛው ጠርዝ፣ እንጨቱ ከፀሐይ ከልሎት በኖረው የጣት ስፋት ላይ፣ ውሃው ሮዝ ነው። በሰማያዊው መሃል ጣል ጣል ያለው ይህ ሮዝ ነበር ንጋቱ። ሌላው ቦታ ላይ ፀሐይ በልታው ወንዙ ደመና ለብሷል። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ለደንበኛ ሁሉ ሲመክረው የኖረውን ነገር እህቱ ስትነግረው አልሰማም።

ፍሬሙን እንኳ ሳይመልስ ሥዕሉን ታቅፎ መጦሪያው ሄደ። እህቱ ፀጉሯን ተበጥራ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሥዕሉን ጭኗ ላይ አኖረላት።

«እትዬ፣ ልክ ነበርሽ። ሮዝ ነው፣ ይኸው ጠርዙን እዪው። ይቅር በዪኝ።»

እሷ ጠርዙን አላየችም። ነርሷ ትሰማ እንደሆነ በሩን አየች፤ ከዚያ ልጅ እንደሚያባብል ሰው እጁን መታ መታ አደረገችው። ቀጭን ስለሆነ ከልጅነቱ ጀምሮ ሚስማሬ ነው የምትለው።

«ተው እንጂ ሚስማሬ፣ ልትፈትነኝ ነው? ግራጫ ነው። ድሮም ግራጫ ነው። ሮዝ ካልኩ ስንት ወር ሆነኝ፣ ነርሷን ጠይቃት።»

«እትዬ፣ ስሚኝ…»

«ተሽሎኛል እኮ። ቤቴ ውሰደኝ።»

ጎንበስ ብላ ከአልጋው ሥር ሻንጣዋን ሳበች። ልብሷ ሁሉ ታጥፎ ገብቷል።