ትንንሾቹ መርገጫዎች

ሐጂ ሷሊህ ውኃውን ጠጥተው ሲጨርሱ ጣሳውን ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርገው ሥሩን አዩ። ቀይ ደለል ረግቶበታል።

«ጀመረ» አሉ ለራሳቸው።

አጠገባቸው የተቀመጠው አገኘሁ በክርኑ ጎሸም አደረጋቸው። «ቀስ ይበሉ ሐጂ፤ ሐዘንተኛው ይሰማል።»

ደምለው ሰምቷል። ከማሽላ አገዳ በተሠራው ዳስ ውስጥ ከእናቱ ከየሻረግ ጎን መሬት ላይ ተቀምጧል። አባቱ አዛናው ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። «አባትህ በወባ ወድቋል፤ ድረስ» የሚለው መልእክት ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ሲደርሰው፣ ሁለት ቀን ሙሉ እስከ መኪናው ማቆሚያ እየሄደ ተመለሰ። በሦስተኛው ተሳፈረ። ትናንት ማታ መተማ ሲገባ የመቃብሩ አፈር ደርቆ ነበር።

ጣሊያን ከገባ አራተኛው በጋ ነው። በበጋ ወንዙ ሲደርቅ የዚህ ሰፈር ሰው የሚጠጣው ከአንድ ጉድጓድ ነው፤ ጥልቀቱ አሥራ ስድስት ክንድ። በየንጋቱ አንድ ሰው ወርዶ ደለሉን ካልዛቀ ምንጩ ይታፈናል። ለአሥራ ሰባት ዓመት ያ ሰው አዛናው ነበር፤ «የውኃ አባት» ይሉታል። የውኃ አባት ሲሞት ተተኪውን የሚናገረው የሐዘኑ ቤት ነው። ቤቱ ሳይናገር ማንም እግሩን ወደ ጉድጓዱ አያስገባም። ሐዘንተኛን ደግሞ ከሣልስቱ በፊት ስለ ሥራ መጠየቅ ነውር ነው። ስለዚህ ሰዉ ደለል እየጠጣ ዝም ብሏል። ሹምባሹ ግን ይህን ወግ አያውቅም። የጣሊያን ሰፈር የወታደሮች አለቃ ነው፤ ነገ ጠዋት ካልተዛቀ ጉድጓዱን በሽቦ አጥሮ ለበቅሎዎቹ እንደሚያደርገው ተናግሯል።

ደምለው ከሣልስቱ በኋላ ወደ ገዳሪፍ ሊመለስ አስቧል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር መጠየቅ ነበረበት።

«ሐጂ፣ ያ ደብዳቤ…»

«ደርሷል።»

ደምለው የዛሬ ሁለት ዓመት ኦምዱርማን ትምህርት ቤት ሳለ የጻፈው ነው። አባቱ ጣሊያን ሰፈር ድረስ ሄዶ «የጉድጓዱ ዘበኛ አድርጉኝ» ማለቱን ከአንድ ነጋዴ ሰማ። ያን ዕለት በዓረብኛ ሁለት መስመር ጻፈ፦ ለጣሊያን ያደረ አባት የለኝም፤ አትፈልገኝ። አዛናው ፊደል አይለይም። ወረቀት ሲመጣ የሚያነቡለት ሐጂ ሷሊህ ነበሩ።

«አነበቡለት?»

«መጀመሪያ ‹ደኅና ነኝ ይላል› አልኩት። ‹ለደኅና ነኝ ፊትዎ እንዲህ አይጠቁርም› አለኝ። እንዳለ አነበብኩለት።»

«ምን አለ?»

«ወረቀቱን ተቀብሎ ገልብጦ አየው። ‹ጽሕፈቱስ እንዴት ነው?› አለኝ። ‹የቃዲ ጽሕፈት ይመስላል› አልኩት። ‹እንግዲያ ልፋቴ መና አልቀረም› ብሎ በጋቢው ጫፍ ቋጠረው።»

አገኘሁ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ባንዳ ያልከው አንተ ብቻ አይደለህም። አንተስ በሩቅ ነው፤ እኔ ፊት ለፊት ነው ያልኩት።»

«እሱስ?»

«‹ተራህን ጠብቅ አገኘሁ› አለኝ።»

በዳሱ ውስጥ የታፈነ ሳቅ አለፈ። የሻረግም ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ወታደሮቹ የውኃ ቆርቆሯቸውን ከሰልፉ ፊት እያኖሩ ሴቱን ይገፉ ነበር» አለ አገኘሁ። «አዛናው ‹ቆርቆሮም ተራ አለው› አላቸው። በጥፊ መቱት። በማግስቱ ሄዶ ቅጠሩኝ አለ። ለምን እንደሆነ ነገ ጠዋት ሄደህ በዓይንህ እየው።»

ደምለው በእጁ የያዘውን ጣሳ አየ። የውኃ አባት ቤት እንስራ ሁልጊዜ የሰልፉ መጨረሻ ነበር፤ አዛናው ወደ ቤት ይዞ የሚገባው የጉድጓዱን ቅሪት ነው። ውኃው አድሮ ሲጠል ጥሩውን ከላይ እየቀዳ ለደምለውና ለእናቱ ይሰጣል። ሥሩን ራሱ ይጠጣዋል። አሸዋው በጥርሱ መካከል ሲንቋቋ «አጥንት ያጠነክራል» እያለ ይስቃል። ከዚያ ወደ ሰሊጥ ማሳው ይሄዳል፤ ቀትር ላይ ተመልሶ በተራ የተጣሉትን ያስታርቃል።

ደምለው ሰባት ዓመት ሲሞላው «እኔም ልውረድ» ብሎ አስቸገረ። የአባቱ መርገጫዎች በግድግዳው ላይ ተራርቀው የተቆፈሩ ስለነበሩ እግሩ አልደርስ አለ። አዛናው ሦስት ቀን ጉድጓዱ ውስጥ ዋለ። በአራተኛው ቀን በየሁለቱ ትልልቅ መርገጫዎች መካከል አንድ አንድ ትንሽ መርገጫ ነበረ። አባት ከታች እየወረደ፣ እያንዳንዷን የልጁን እግር በእጁ ይዞ ያሳርፋት ነበር።

በሣልስቱ ንጋት የሻረግ ስትወጣ ልጇ የአባቱን ገመድ ከግድግዳው ሲያወርድ አገኘችው።

«ዛሬን ብቻ ነው እማዬ። ከዚያ ሌላ ሰው እንናገራለን።»

«አባትህም ‹ይህችን በጋ ብቻ› ነበር ያለኝ» አለችና መዛቂያውን አቀበለችው።

ጉድጓዱ ዘንድ እንስሮቹ ተሰልፈዋል። ከፊት ያለው የአንዲት መበለት፣ የኩብራ ነው። ደምለው ሰልፉን በዓይኑ ተከተለ፦ ዘጠኝ እንስራ፣ አንድ የቆዳ እርኮት፣ ከዚያ ሁለት የጣሊያን ቆርቆሮዎች፣ ከእነሱም ኋላ ደግሞ እንስራ። ከቆርቆሮዎቹ አጠገብ አንድ ወታደር እጁን አጣምሮ ተራውን ይጠብቃል። ሹምባሹ የሽቦ ጥቅል ይዞ መጥቷል። ደምለው ገመዱን በወገቡ ሲያስር አይቶ ጥቅሉን መሬት አስቀመጠው።

አገኘሁ ገመዱን ያዘለት። ደምለው ወረደ። የአባቱን መርገጫዎች እግሩ ሳይፈልግ አገኛቸው፤ በአሥራ ሰባት ዓመት ርግጫ ለስልሰዋል። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እጁ ሌላ ነገር ነካ።

ትንንሾቹ ናቸው። በየክረምቱ የማይረገጠው ሁሉ በጭቃ ይሞላል፤ የሚቆፍራቸው ባይኖር ከተደፈኑ ዓመታት ባለፏቸው ነበር። እሱ ለትምህርት ከሄደ ወዲህ እዚህ የወረደ ልጅ የለም። በጣቱ ጠርዛቸውን ዳሰሰ፤ ስለታም ነው። የዘንድሮ መቆፈሪያ ያረፈበት።

«ምን አቆመው?» አለ ሹምባሹ ከላይ።

«ጠብቅ» አለው አገኘሁ። «ተራው ነው።»

ደምለው እግሩን ከትልቁ መርገጫ አንሥቶ ወደ ትንሹ ወሰደው። ከሁለት ጣት በላይ አላስገባለትም። እንደዚያው፣ በሁለት በሁለት ጣቱ እየቆመ፣ አንዱንም ሳይዘል እስከ ውኃው ወረደ።