ሱሉልታ የቀረችው ሲንቄ

እናቴና አያቴ የተኳረፉት እኔ ሳልወለድ ነው። እናቴ ዱርሲቱ ወላጆቿ እምቢ ቢሏት ጊዜ አባቴን ዲኖን ተከትላ ከሱሉልታ ጠፋች፤ ሰበታ ሱቅ ከፈቱ፣ እኔን ጁማናን ወለዱ። አያቴ ጠጅቱ እኔን አቅፋ አትጠግበኝም፤ ልጇን ግን ስሟን እንኳ አትጠራም። እናቴም ብትሞት ቀድማ አትሄድም። በሁለት ግትሮች መሃል የምንገላታው እኔ ነኝ።

ኒካዬ ሲቃረብ ግን አላስችል አለኝ። በአያቴ አገር ወግ እናት ልጇን ስትድር ሲንቄ ታስይዛታለች፤ ሲንቄ ያገባች ሴት የክብር ምልክት የሆነች ቀጭን ዘንግ ናት። እናቴ ሳትመረቅ ስለጠፋች የእሷ ሲንቄ ሱሉልታ ቀርታለች። ያቺን ዘንግ ይዤ ልዳር፣ በዚያው ሰበብም ይታረቁ ይሆናል ብዬ አያቴ ዘንድ ሄድኩ።

አያቴ ዘንጓን ከአልጋዋ ራስጌ አውርዳ አሳየችኝ። እጄን ስዘረጋ መልሳ ሰቀለቻት።

«ይህቺ ላንቺ አይደለችም፤» አለችኝ።

ያን ቀን ጠላኋት። ሚኒባስ ውስጥ ሳለቅስ ሰው ሁሉ አየኝ። እቤት ገብቼ ስናገር እናቴ፣ ከሷ ምን ጠብቀሽ ነው ብላኝ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

የኒካዬ ዋዜማ ጎረቤቶቻችን ግቢያችን ውስጥ ተሰብስበው ሽንኩርት ሲልጡ አያቴ ሲንቄዋን ይዛ ከተፍ አለች። ለእኔ ያመጣችው መስሎኝ ሮጥኩ፤ አልፋኝ ሄደች። እናቴ ፊት ስትደርስ ቆመች።

«ዱርሲቱ፣ ተነሺ። አንቺ ከእናትሽ ሳትቀበዪ ለልጅሽ ምን ልትሰጫት ነው?»

እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሳች። ዘንጓን ስትቀበል መዳፏ በቅባት አብለጨለጨ። ማን ቅቤ ቀባት ብላ ጠየቀች።

«እኔ ነኛ። በየክረምቱ። ሳትመጪ ደርቃ ብትሰነጠቅስ?»

ከዚያ አያቴ ፀጉሯ የሸበተውን ልጇን እንደ ሙሽራ አቁማ በኦሮምኛ መረቀቻት። ሴቶቹ «አሚን» እያሉ ተቀበሉ። እናቴ አያቴ ትከሻ ላይ ወድቃ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፣ በሽንኩርቱ አላሳበብኩም።

ሲረጋጉ ጠጋ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እናቴ ሲንቄዋን ደረቷ ላይ ለጠፈቻት።

«ነገ እሰጥሻለሁ ልጄ፤» አለችኝ። «ዛሬ የእኔ ትሁን።»