ለእንግዳ የሚከፈት ክፍል

ትምህርት ቤቱ አንድ የሚያምር ክፍል አለው። በሩ ላይ «የልዩ ድጋፍ ክፍል» ተብሎ በትልቁ ተጽፎበታል። ከጽሑፉ ሥር ደግሞ ቡጢ የሚያህል ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ውስጡ አዲስ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ነጭ በትርና ከነላስቲኩ የተቀመጠ አጉሊ መነጽር አለ። ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ልጆች ግን አይገቡበትም። «ያቆሽሹታል» ይላል ዳይሬክተሩ። እውነቱን ነው፤ የተነካ ዕቃ መቆሸሹ መቼ ይቀራል!

ሰፈሩ «ምላሶ» የሚላት ልጅ ያን መነጽር በመስኮት ሳታይ አታልፍም። ታናሽ እህቷ ዓይኗ ደካማ ነው። መጽሐፍ ስትይዝ አፍንጫዋ ገጹ ላይ ይለጠፋል፤ ያኔም ፊደሎቹ ጉንዳን ይሆኑባታል። መምህሯ መላ አላጣችም፤ ከሁሉም ኋላ አስቀመጠቻት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እናታቸውን አስጠርታ «በወሩ መጨረሻ ካላነበበች ይዘሻት ሂጂ፤ ለእሷ የሚሆን ነገር የለንም» አለቻት። እናት ቤት ገብታ ድስት ስታጥብ አመሸች። ድስቱ ንጹሕ ነበር።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ክራቫቱን አጥብቆ ምላሶ ክፍል ገባ።

«እንግዶች ከካሜራ ጋር ሊጎበኙን ነው። ደህና ደህና የለበሱ ልጆች ልምረጥ። አካል ጉዳተኛ ሆናችሁ ትቀመጣላችሁ።»

«እውነተኞቹስ ጋሼ?» አለች ምላሶ።

«እነሱ ፎቶ ላይ አያምሩም። አንቺ ዓይነ ስውር ነሽ። ዓይንሽንም አፍሽንም ዝጊ!»

«ሁለቱንም? ሥራ አልበዛብኝም ጋሼ?»

እንግዶቹ ሲመጡ ቁልፉ ተከፈተ። የኳስ ቡድኑ አጥቂ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ተሰይሞ እግሩን ያወዛውዛል። ምላሶ ጥቁር መነጽር አድርጋ በትሩን ይዛለች። ዳይሬክተሩ የራሱን ደግነት ሲተርክ ላብ አጠመቀው። አንዲት እንግዳ ጎንበስ ብለው «የኔ ቆንጆ፣ ትምህርት ቤትሽ ምን አደረገልሽ?» አሏት።

«ሁሉንም!» አለ ዳይሬክተሩ ቀድሞ።

«አዎ፣ ሁሉንም» አለች ምላሶ። «ጋሼ እኮ አባት ናቸው! ለታናሽ እህቴም ያን አጉሊ መነጽር ዛሬ ሊሰጧት ነው። ከፊት ወንበርም ያስቀምጧታል። እሷም እንደኔው ዓይኗን ያማታል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? ትምጣ እንጂ!» አሉ እንግዳዋ ዕንባቸውን እየጠረጉ።

ትንሿ ተጠራች። ዳይሬክተሩ ካሜራው ፊት መነጽሩን ሲያስረክብ ጥርሱ ይስቃል፣ ዓይኑ ግን ምላሶን ይበላታል። ጭብጨባው ቀለጠ።

እንግዶቹ ከበር ሳይርቁ ዳይሬክተሩ እጁን ወደ ትንሿ ዘርግቶ «አምጪ!» አለ።

«እሺ ጋሼ» አለች ምላሶ። «እንግዳዋ ግን ሲሰናበቱኝ በሚቀጥለው ወር ስታነብ ልሰማት እመጣለሁ ብለዋል። ያኔ ምን ልበላቸው? የእኔ ዓይን በርቷል፣ የእሷን መነጽር ግን ጋሼ ወስደውባታል?»

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ምላስሽ…»

«እሱም ልዩ ፍላጎት ነው ጋሼ። ድጋፍ አጥቶ ነው።»

ዳይሬክተሩ ዙሪያውን አየ። አጥቂው ከወንበሩ ተነስቶ ኳሱን ይፈልጋል። ሌላ የሚቆጣው ሰው ስላጣ «ይዛ ትሂድ! በሉ ጥፉ ከፊቴ!» ብሎ አጥቂውን ተቆጣ።

በነጋታው ትንሿ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ምላሶ ከራሷ ክፍል ሾልካ በመስኮት ታያለች። ዳይሬክተሩ መጣ፤ ለመነጽሩ አዝኖ ነው እንጂ ለልጅቷ አይደለም። ጭረት ይኖረው እንደሆነ ለማየት ጎንበስ ሲል ትንሿ መነጽሩን ፊቱ ላይ ደቀነችው።

«እትዬ!» ብላ ወደ መስኮቱ ጮኸች። «ለካ አፍንጫቸው ውስጥም ጢም አላቸው!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዳይሬክተሩ አፍንጫውን ይዞ ወጣ። ትንሿ መነጽሩን ወደ መጽሐፉ መልሳ የመጀመሪያዋን ፊደል አገኘች፤ ቀጥላም ሁለተኛዋን።