በጀልባዋ ሆድ ውስጥ

ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ወገቡ ግን ጡረታ አልወጣም። ጎህ ሳይቀድ ይነሳበትና ሲመሽ ብቻ ትንሽ ጋብ ይልለታል፤ ጫማ ሲያጠልቅ፣ ከወንበር ሲነሳ፣ ሲያስነጥስ አለሁ ይለዋል። ክፉኛ የያዘው መሪ ላይ ሆኖ ወይም ጎማ ሲቀይር ቢሆን ለወሬም ደህና ነበር። አንድ ቀን ጠዋት መታጠቢያ ቤት ውስጥ የወደቀች ሳሙና ሊያነሳ ጎንበስ እንዳለ እዚያው ቀረ። ሚስቱ በሩን ከፍታ ስታየው ወለሉ ላይ የሆነ ነገር የሚፈልግ መሰላት።

"ምን ጠፋህ?" አለችው።

"ወገቤ።"

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የሳሎኑ ግማሽ የእሷ ነው፤ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ፣ ከጎኑ የጨርቅ ጥቅሎች፣ በሩ ጀርባ ያላለቁ ቀሚሶች። ሌላው ግማሽ የእሱ ሶፋ ነው። ያን ቀን ደግፋ ክሊኒክ ወሰደችው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የልጃቸው እኩያ የምትሆን ወጣት ነበረች። አገላብጣ አየችውና ነገሩ አልጋ የሚያስይዝ እንዳልሆነ ነገረችው። እንደውም መተኛት እንዳያበዛ፣ አንድ ቦታ ተተክሎ እንዳይቀመጥ፣ ዕቃ ሲያነሳ ከወገቡ ሳይሆን ከጉልበቱ እንዲታጠፍ፣ የሚይዘውንም ደረቱ ላይ እንዲያስጠጋ መከረችው። ሲጠናበት ደግሞ በጀርባው ተኝቶ ባቶቹን ወንበር ላይ ሰቅሎ እንዲቆይ አሳየችው። በተናገረች ቁጥር "አባባ" ትለዋለች። እሱ አባባ መባሉን ሲያብሰለስል ምክሩ አለፈው፤ ሚስቱ ናት ቃል በቃል የያዘችው። እሱ ይዞት የወጣው ባለሙያዋ ጨርሶ ያላለችውን ነገር ነው፤ ዓሣ ማጥመድ ቀረ።

ዓሣ ማጥመድ የእሑዱ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የተሳፋሪ ጫጫታ ጀርባውን ሲደበድበው ይሰነብትና እሑድ ማለዳ ዘንጉን ይዞ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ብቻውን። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ አንድም ቀን እንሂድ ብሏት አያውቅም፤ እሷም ልምጣ ብላ አታውቅም። ሲመለስ ዓሣውን ትቀበለዋለች፣ ልብሱ የውሃ ሽታ እንዳለው ትነግረዋለች፣ በቃ።

አሁን ግን ወራት ሙሉ ሶፋው ላይ ተጋደመ። ተጋድሞም ቢሆን መንዳቱን አልተወም። ያ ጥቅል መተላለፊያውን ዘግቷል፤ ያ መስኮት ይዘጋ፤ ደንበኛ ስትገባ ደግሞ ወደ ውስጥ ጠጋ በይ ይላታል። ሚስቱ ብዙ ቻለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን እግሯን ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አነሳችና ዞር ብላ አየችው።

"ስማኝ ሹፌር" አለችው። "እኔና አንተ ይህን ያህል ዘመን በሰላም የኖርነው አንተ ውጭ ስለምትውል ነው። ተነስና ሐይቅህ ሂድ።"

"ወገቤስ?"

"ወገብህን እኔ እይዝልሃለሁ።"

የምትቀልድ መስሎት ነበር። እሷ ግን ከወፍራም የመጋረጃ ጨርቅ ሰፋ ያለ የወገብ መታጠቂያ ሰፋችለት፤ ከስፖንጅ ቁራጭ ደግሞ ከጀርባው የሚገባ ድቡልቡል ትራስ። እሑድ ማለዳ ለብሳ፣ የትሉን ጣሳ በአንድ እጇ፣ ትራሱን በብብቷ ይዛ በር ላይ ቆመች። ሰውዬው ደስ አላለውም። ያለ እሷ ምንም መሸከም እንደማይችል ስላወቀ ብቻ ተከተላት።

ሐይቁ ዳር ጀልባ የሚያከራይ ሰው አለ፤ ወሬ ስለማያልቅበት ሁሉም ሬዲዮ ይሉታል። ሬዲዮ ገና ከሩቅ ሲያያቸው ጀመረ። የአክስቱ ልጅ ወገብ በምን እንደዳነ፣ የጎረቤቱ በምን እንደባሰበት፣ በሞቀ አሸዋ ውስጥ መቀበር ምን ያህል እንደሚረዳ አስረዳቸው። ሚስትየው አመሰገነችውና ባሏን እንዲቀብርላት ግን ገና እንደሆነ ነገረችው።

በመጀመሪያዎቹ እሑዶች ጀልባ አልያዙም። ሰውዬው ዛፍ ተደግፎ፣ የዘንጉን እጀታ ክንዱ ሥር አስገብቶ፣ ቆሞ ያጠምዳል። ትንሽ ቆይቶ ዘንጉን ለእሷ ይሰጣትና ዳር ዳሩን ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ደግሞ ይቀመጣል፤ ደግሞ ይነሳል። ትሉን ከጣሳው ለማውጣት ማጎንበስ እንዳይኖርበት እሷ ጣሳውን ጉቶ ላይ ሰቀለችለት። መጀመሪያ ላይ እንደዚህ መንቀሳቀስ ዓሣውን የሚያባርርበት ይመስለው ነበር። ዓሣው ግን ስለ እሱ ወገብ ደንታ አልነበረውም፤ ሲፈልግ ይበላል፣ ሳይፈልግ ይተዋል። እሷ ውሃውን እያየች ትቀመጣለች። አታወራም። ይህ አስገረመው፤ ቤት ውስጥ ከደንበኞቿ ጋር ስታወራ ስለምትውል፣ ዝምታ የምትወድ ሰው መሆኗን በዚህ ሁሉ ዘመን አልደረሰበትም ነበር።

አንድ ማለዳ ወገቡ ቀለል ሲለው ጀልባ ይዘው ገቡ። እሷ ትራሱን አመቻቸችለት፤ እሱ ቀስ ብሎ ቀዘፈ። ብዙም ሳይርቁ ጭጋግ ወረደ። መጀመሪያ ዳሩ ጠፋ፣ ቀጥሎ ዛፎቹ፣ ቀጥሎ የውሃውና የሰማዩ ድንበር። ጀልባዋ ነጭ ነገር ውስጥ የተቀመጠች መሰለች። መቅዘፊያው ሲነሳ የሚንጠባጠበው ውሃ ድምፅ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ይመስል ነበር። ሁለቱም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ለምን እንደሆነ አላወቁም።

ያኔ ነው ዘንጉ የተቆለመመው። ትልቅ ነገር ነበር። ሰውዬው ያን የመሰለ ጉተታ ከተሰማው ስለቆየ ሁሉንም ረሳው፤ መታጠቂያውን፣ ባለሙያዋን፣ ዕድሜውን። ክሩ በጀርባው በኩል ሲዞር እሱም ተቀምጦ እንዳለ ከወገቡ ተጠማዘዘና ተከተለው። የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ዘንጉን ለሚስቱ ወረወረ ማለት ይቻላል፤ እሱ ራሱ እያቃሰተ በጎኑ ወደ ጀልባዋ ወለል ወረደ።

"እግርህን!" አለችው፤ ዘንጉን በሁለት እጇ አንቃ ይዛ። "ባትህን መቀመጫው ላይ ስቀል፣ ባለሙያዋ እንዳለችህ።"

እንደምንም ተንፏቆ ሰቀለ። ጉልበቶቹ ታጠፉ፣ ጀርባው ከጣውላው ጋር ገጠመ፣ ሕመሙም መጮኹን ትቶ ማጉረምረም ጀመረ። በኪሱ የያዘውን ማስታገሻ ዋጠ። ከላዩ ነጭ ብቻ ነበር። የሚስቱ አገጭ፣ የዘንጉ ጫፍ፣ ነጭ።

እንዴት እንደምታደርግ ከወለሉ ሆኖ ነገራት። ሲጎትት እንድትለቅለት፣ ሲደክም እንድትጠቀልል፣ እንዳትቸኩል። ክር ነውና ገባት። ክር ሲጠብቅና ሲላላ በጣቷ ማወቅ ዕድሜዋን የኖረችበት ሥራ ነው። ዓሣው መሄድ ሲጀምር ጀልባዋም ቀስ ብላ ተከተለችው። ማንም ሳይቀዝፍ፣ ነፋስ ሳይኖር፣ በጭጋጉ ውስጥ ተንሸራተቱ። ሰውዬው ጆሮው ጣውላው ላይ ነበርና ውሃው ከሥሩ ሲያልፍ ይሰማዋል፤ ሹክሹክታ ይመስላል፣ ቃል የሌለው። ዓይኑን ሲጨፍን አውቶቡሱን አየው። ውሃ ውስጥ እየነዳ ነበር። መንገዱ አሸዋ ነው፤ ተሳፋሪው ሁሉ ተቀምጧል፤ ወራጅ አለ የሚል የለም። መሪው በእጁ ውስጥ እንደ ውሃ ቀላል ነበር። ወገቡ አልነበረም፤ ማለት ነበረ፣ ግን እንደ ማንኛውም ሰው ወገብ ዝም ብሎ ነበረ።

"ተኛህ?" አለችው።

"አልተኛሁም።"

ለዓሣው ክሩን ትንሽ ለቀቀችለት። "አንድ ነገር ልጠይቅህ። እሑድ እሑድ ከእኔ ለመሸሽ ነበር እዚህ የምትመጣው?"

ሰውዬው ጭጋጉን አየ። ቤት ውስጥ ቢሆን ተነስቶ ውሃ ልጠጣ ይል ነበር። አሁን መነሳት አይችልም።

"ከጀርባዬ ሰው የሌለበት ቦታ እዚህ ብቻ ነበር" አላት። "ያን ሁሉ ዓመት ሰው ሁሉ ከጀርባዬ ነው የሚያወራኝ። አንቺን አስቤ አይደለም። እንዲያውም... አንቺን ጨርሶ አላሰብኩም ነበር። ጥፋቱ እሱ ነው መሰለኝ።"

"እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር የማስበው" አለች። ምን እንደሆነ አልነገረችውም። ከዚያ እጇን ዝቅ አድርጋ ግንባሩ ላይ አሳረፈችና ዓሣው ሲንቀሳቀስ ወደ ዘንጉ መለሰችው።

ዓሣው ደክሞት ጀልባዋ ጎን ብቅ ሲል ድምፅዋ ተቀየረ። አምባዛ ነው፣ ጺም አለው፣ አፉ የሰው ጫማ ይውጣል አለችው። ብቻዋን አንስታ ማስገባት እንደማትችል ሁለቱም ያውቃሉ። እሱ ክንዱን ተደግፎ ቀና ሊል ሞከረና ወገቡ መለሰው።

"ምን ላድርገው?"

አፉ ላይ ብዙ ነገር መጣ። እንዲህ ያለ ዓሣ ሲመኝ ስንት ጊዜ ኖሯል። "የያዝሽው አንቺ ነሽ" አላት በመጨረሻ። "አንቺ እወቂ።"

አንገቷ ላይ በሪባን ያንጠለጠለቻትን የክር መቀስ አወጣችና ክሩን ከመንጠቆው አጠገብ ቆረጠችው። ዓሣው ወዲያው አልሄደም። አጠገባቸው ትንሽ ቆየና ጥቁሩ ጀርባው ቀስ እያለ ውሃ ሆነ። ሰውዬው ለአፍታ ተናደደ። ወዲያው ደግሞ ሳቁ መጣበት፤ ሲስቅ ወገቡን ወጋው፤ ስለወጋው ባሰበትና እያለቀሰ ሳቀ። እሷም አብራው ሳቀች፤ በምን እንደሚስቅ ሳታውቅ።

መቅዘፊያውን እሷ ያዘች። ቀዝፋ ስለማታውቅ ጀልባዋ አንድ ቦታ ዞረች። እሱ ጆሮውን ጣውላው ላይ አድርጎ፣ ቀኙን ትንሽ፣ ግራውን ጠንከር፣ አሁን ሁለቱንም እያለ አስኬዳት። ከቆይታ በኋላ ቄጠማው የጀልባዋን ሆድ ሲያሻሽ ተሰማው፤ ዳሩ በዚያ በኩል ነበር። ሬዲዮ ከጭጋጉ ወጥቶ እያወራ ውሃ ውስጥ ገባና በብብቱ ይዞ ሊያነሳው ሲል እሷ አስቆመችው። መጎተት የለም፣ በጎኑ ይዙር፣ ጉልበቱን ይጠፍ፣ በራሱ ክንድ ይነሳ አለችው። እንዳለችው ሆነ። ጊዜ ወሰደ፣ ግን በእግሩ ቆሞ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ለጥቂት ጊዜ ጀልባ ቀረ። ክሊኒክ ተመልሶ ሄደና በዚህኛው ጊዜ ምክሩን ሰማ፤ አባባ መባሉንም ቻለው። ጠዋት ጠዋት ጨርቆቹ መሀል ተኝቶ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ይስባል፤ ደንበኛ ስትመጣ ተራምዳው ታልፋለች። ሕመሙ ጨርሶ አልሄደም። ደህና የሚሆንበት ሳምንት አለ፣ ጫማውን እሷ የምታስርለትም ሳምንት አለ። ሐይቁ ላይ ግን አሁን ሁለት ዘንግ አላቸው። እሷ መሀል ላይ ተቀምጣ መንጠቆዋን ትጥላለች፤ እሱ ሲደክመው ሳይጠየቅ ወለሉ ላይ ይጋደምና ባቱን ይሰቅላል። አንዳንዴ ያወራሉ። አንዳንዴ ጀልባዋ ወዴት እንደምትሄድ ሁለቱም አያዩም።

ያለፈው እሑድ የያዙት ትንንሽ ነበር። ማታ ላይ እሱ ወጥ ቤት ቆሞ ቅርፊቱን ሲፍቅ፣ እሷ ዝቅተኛውን በርጩማ በእግሯ ገፍታ አስጠጋችለት፤ እሱም አንድ እግሩን ሰቀለበት።

"ነገስ እንሂድ?" አላት።

"ነገ ቀሚስ የምትለካ ሙሽራ አለችብኝ።"

"ከነገ ወዲያስ?"

"ከነገ ወዲያ ይሁን" አለችና አንዱን ዓሣ ከእጁ ወስዳ እሷም መፋቅ ጀመረች።