የጎደለው ሳልመን

አሥራ ስምንተኛው እሽግ ሚዛኑ ላይ ሲያርፍ ማርላ ኮልቪን መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጠረገችና መልሳ አጠለቀች። ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም፤ አንድ ፓውንድ ከሩብ። እሽጉ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግን ቀይ ሳልመን፣ ሁለት ፓውንድ ይላል።

«መቼም ዓሣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብቶ አይከሳም» አለች ለራሷ።

ሃያ ስድስት ዓመት በትምህርት ቤት ወጥ ቤት የሠራች ሴት ናት። ሰው ዋሽቷት ያውቃል፣ ሚዛን ግን አንድ ቀንም ዋሽቷት አያውቅም። እሽጉን ወደ አምፖሉ አስጠግታ አየችው። ጽሑፉ የእሷ አይደለም። እንደ ሰካራም ወደ ግራ ያዘነበሉት ፊደሎች የባሏ የሮይስ ናቸው። ሮይስ ያጠምዳል፣ ይበልታል፣ አየር እየመጠጠ በሚያሽገው ማሽን ያሽጋል፤ ወረቀት ጽፎ መለጠፍ ግን የማርላ ሥራ ነው። በዚያ ቤት ማቀዝቀዣ የሚገባ ነገር ሁሉ ምንነቱ፣ ክብደቱና ዓመቱ ይጻፍበታል። ይኼኛው ዓመት እንኳ የለውም።

ደግሞ ይኼ ዓሣ እንዲሁ ዓሣ አይደለም፣ የቤት ኪራይ ነው። ሃዋይ ውስጥ ኮና ላይ የምትኖር ሊናኒ የምትባል ሴት ለልጅ ልጇ አንደኛ ዓመት ልደት መንደሩን ሙሉ ጠርታለች። እዚያ የሕፃን ልደት ያለ ሳልመን አይደምቅም፤ ሳልመን ደግሞ በእነሱ ባሕር የለም። አላስካ፣ ፌርባንክስ ውስጥ ደግሞ የማርላ ማቀዝቀዣ ክዳኑ አልዘጋ እስኪል ሞልቷል። አርባ ፓውንድ ቀይ ሳልመን በሊናኒ ቤት ለአሥር ሌሊት ማደሪያ ክፍል፤ ነገሩ በስልክ አለቀ። ማርላ የእሷና የሮይስ ጉዞ ሰባት ሳምንት እየቀረው በቅዳሜ ከሰዓት ጋራዥ ውስጥ ጓንት አጥልቃ የምትመዝነው ለዚህ ነው። ሊናኒ ላይ አንድ ፓውንድ እንኳ ማጉደል አትፈልግም።

የቀረው ወጪ ሰማያዊው ደብተር ላይ ሰፍሯል። ገቢው ግዛቱ በየዓመቱ ለነዋሪው የሚያከፋፍለው የነዳጅ ድርሻ ነው፤ የሁለት ሰው፣ የሁለት ዓመት። ትኬቱ ልጃቸው ዳኔት አውሮፕላን ጣቢያ ስለምትሠራ ለወላጆቿ በተፈቀደላት ቅናሽ ተቆርጧል። ከዚያ ምግብ፣ ከዚያ አውቶቡስ። የሮይስ ቢራ፣ ስልሳ ዶላር። የማርላ የኤሊ ጀልባ፣ መቶ አርባ፤ ይኼ ሁለቴ ተሰምሮበታል። ማርላ የባሕር ኤሊ ውኃ ውስጥ ዓይኗን እንዴት እንደምትገልጥ ማየት ትፈልጋለች። ለምን ቢሏት መልሷ «እኔ እንጃ፣ ልየው ብቻ» ነው።

አሁንም ያ አመሏ ተነሣባት። እሽጉን በአውራ ጣቷ ጫን አለችው። ከላይ ዓሣ ነው። ከሥር ግን አጥንት ያልሆነ፣ ክብና ጠፍጣፋ የሆነ ነገር አለ።

በሩ ተከፈተና ነጭ ጉም ይዞ ሮይስ ገባ። በረዶ ሲዝቅ ቆይቶ ነው፤ ጢሙ ጠጥሯል። አካፋውን ማስቀመጥ ፈልጎ ጎንበስ ሊል ጀመረና ተወው፣ ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

«ውጪው ከዜሮ በታች ሠላሳ አምስት ደርሷል» አለ። «የመኪናውን ሞተር ማሞቂያ ኮረንቲ ላይ ሰክቼዋለሁ።»

«ጎሽ። ና እስቲ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይኼን ዓሣ የት ነው ያጠመድከው?»

«የቱን?» እሽጉን አየና ዓይኑን ሰበረ። «ወንዝ ነዋ። ሌላ የት ይጠመዳል?»

«ታሞ ነበር እንዴ? ሁለት ፓውንድ ብለህ ጽፈህበት ሦስት መቶ ምናምን ግራም ጎድሎታል።»

«በፓውንድ ስትመዝኚ ቆይተሽ አሁን ግራም አመጣሽብኝ?»

«ሌባ ስፈልግ በሁሉም እመዝናለሁ።»

«እሱን ተይው ማርላ። ለመንገድ ስንቅ ብዬ ለብቻ ያስቀመጥኩት ነው።»

«ጥሬ ዓሣ? የበረደ?» ማርላ ቢላዋውን አነሣች። «አንተ ሰውዬ፣ ስትዋሽ እኮ ጆሮህ ይቀላል። ከብርዱ ነው እንዳትለኝ፣ ጆሮህን የሸፈነውን ኮፍያ አሁን ነው ያወለቅከው።»

ላስቲኩን ሰነጠቀችው። ከስሱ ሳልመን ሥር የጉሮሮ ከረሜላ የሚሸጥበት ትንሽ የቆርቆሮ ሙዳይ ወጣ። ክዳኑን በቢላዋው ጫፍ ፈነቀለችው። ቀይና ብርቱካንማ ከረሜላዎች፣ ስኳር የተነሰነሰባቸው። ምን እንደሆኑ ለማወቅ መቅመስ አላስፈለጋትም፤ ከዳቦ ቤቱ አጠገብ ካለው ሱቅ ደረሰኝ ተቀብሎ ሲገዛቸው ስንት ጊዜ አብራው ቆማለች። ካናቢስ፣ ሐሺሽ የሚሉት የገባባቸው ናቸው።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አሉ» አለች።

«ምን ዘንዶ አለው? ሕጋዊ ዕቃ ነው!»

«እዚህ ነዋ! እዚያ ግን አይደለም። መሐል ያለው ሰማይ ላይም አይደለም።»

«ዲሊንግሃም ዓሣ ላጠምድ ስወርድ ስንት ዓመት ይዤው በርሬያለሁ? ማን ምን አለኝ?»

«ዲሊንግሃም አላስካ ነው ሮይስ! ከጓዳ ወደ ሳሎን እንደመሄድ ነው። ደግሞ ይኼ ሣጥን የሚሄደው ወደ ሕፃን ልደት ነው። ሊናኒ እሽጉን ፈታ ከረሜላ ብታገኝ፣ ልጆቹ ቢሻሙበትስ?»

ሮይስ ይኼን አላሰበም ነበር።

በዚህ መሐል ዳኔት ከሥራ መጣች። የአውሮፕላን ጣቢያ የደንብ ልብሷን አላወለቀችም። ሙዳይዋን፣ የተሰነጠቀውን ላስቲክና የአባቷን ፊት በየተራ አየች። ማንም አላስረዳትም፤ አላስፈለጋትምም።

«አባዬ፣ ይኼን ይዘህ በእኔ ትኬት ልትሄድ ነበር?»

«ማንም አያየውም ነበር የኔ ልጅ።»

«ቅናሹ በእኔ ስም ነው። አንተ ብትያዝ የሚጠሩት እኔን ነው። ትኬቱ ብቻ አይደለም የሚቀረው፣ እኔም ሥራዬ ላይ አልውልም።» ጮኻ አልተናገረችም። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር።

ሮይስ የተገለበጠ ባልዲ ፈልጎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሲቀመጥ ጥርሱን ነክሷል። ማርላ ይኼን አየችና ንዴቷ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠባት።

«በመስከረም ትቼዋለሁ፣ ገንዘቡን ለጉዞው እንቆጥበዋለን አላልከኝም?»

«ትቼው ነበር።»

«ታዲያ?»

«ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ከዚያ መተኛት አቃተኝ።»

«ሳሎን ወንበር ላይ የምታነጋው ቴሌቪዥን እያየህ አይደለም እንዴ?»

«ማርላ፣ ቴሌቪዥኑ ከበራ ወር አልፎታል። ተኝቼ መነሣት ስለማልችል ነው። ቁጭ ካልኩ እነሣለሁ።»

የጎደለውን ዓሣ በጣቷ ነክታ ያገኘች ሴት አንድ ወር ሙሉ ባሏ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ማንጋቱን አላወቀችም። አፈረች፣ አዘነችም፣ ደግሞም በጣም ተናደደች።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለች በመጨረሻ።

«እኔ በሽተኛ አይደለሁም።»

ዳኔት ግድግዳው ላይ ተደገፈች። «አባዬ፣ የሐኪም ወረቀት ያለው ሰው እዚያ በእንግድነት ተመዝግቦ ከሱቃቸው መግዛት ይችላል። ከዚህ ምንም ሳይዝ ይሄዳል። መጀመሪያ ግን እዚህ ሐኪም ፈርሞ የበሽተኛ ካርድ ማውጣት አለብህ። ሰኞ ብትጀምር ይደርሳል።»

«የምን ካርድ?»

«የበሽተኛ።»

«አይሆንም። የነዳጅ ቧንቧ በዚያ ብርድ የበየድኩ ሰው ነኝ፣ ስሜ በሽተኞች መዝገብ ላይ አይገባም። እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤቱን እጠብቃለሁ።»

እንዲህ ሲል ይለምኑኛል ብሎ ጠብቆ ይሆናል። ማርላ ግን ጓንቷን አወለቀች።

«እሺ፣ ቅር። እኔ እሄዳለሁ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን። ኤሊዋን አይቼ መጥቼ እነግርሃለሁ፣ ዓይኗን እንዴት እንደምትገልጥ። ሊናኒ ባልሽስ ስትለኝ ደግሞ ደህና ነው፣ ምንም አላመመውም፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ቤት ይጠብቃል እላታለሁ።»

ዳኔት ሳቋ አመለጣት። ሮይስ ሚስቱን ትክ ብሎ አያት። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሯት ኖሯል፤ ስትቀልድና የምሯን ስትሆን ይለያል። የምሯን ነበር።

ማርላ ወደ ማቀዝቀዣው ዞረች። የተሰነጠቀውን ሳልመን ለራት ለየችው፣ በምትኩ በራሷ እጅ የተጻፈበት እሽግ አውጥታ ሚዛኑ ላይ አኖረች። ሁለት ፓውንድ፣ ሳይጎድል ሳይተርፍ። አሥራ ዘጠነኛውን ቀጠለች። ሮይስ ሲነሣ ባልዲው ተንኳኳ፤ አልዞረችም። ሙዳይዋን ወስዶ ዳኔት መዳፍ ላይ ሲያስቀምጥ ሰማች።

«ወጥ ቤት መሳቢያው ውስጥ አድርጊልኝ። ከዚህ ቤት አይወጣም።»

ከዚያ ሰማያዊው ደብተር ሲገለጥ ሰማች። አሁን ዞር አለች። ሮይስ ደብተሩን ማቀዝቀዣው ክዳን ላይ ዘርግቶ፣ በአንድ እጁ ወገቡን ደግፎ፣ ቢራ የሚለው መስመር ላይ እስክሪብቶ እየጎተተ ነው። ስልሳዋን ዶላር ሰረዛትና ከጎኗ የሐኪም ወረቀት ብሎ ጻፈ።

«ሐኪሙ ምንህን ነው ሲለኝ ምን እለዋለሁ?» አለ ቀና ሳይል።

«እኔ ዓሣው ላይ የምጽፈውን ጻፍ። ምን እንደሆነ፣ ክብደቱን፣ ዓመቱን።»

ሮይስ ትንሽ አሰበ። ከዓሣው መለያ ወረቀቶች አንዷን ልጦ ደብተሩ ላይ ለጠፈና ወደ ግራ ባዘነበሉት ፊደሎቹ ጻፈባት፦ «ወገብ። ከባድ። አሥራ አንድ ዓመት።»

ማርላ ሁለቴ አነበበችው። እሷ የምታውቀው አራቱን ዓመት ብቻ ነበር። እስክሪብቶውን ከእጁ ተቀበለችና ከሥሩ «ሰኞ፣ ጠዋት፣ አብረን» ብላ ጨመረችበት።